ከማዕዘን የተጀመረው ብርድ ልብስ

ዛሬ ከቁርስ በኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ጣለኝ። ያንቀላፋሁት ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ሕልሙ ግን ብዙ ቦታ አዞረኝ።

ጭኔ ላይ የታናሽ እህቴ የሰናይት ብርድ ልብስ ነበር። ሰናይት አዳማ ነበር የምትኖረው። ለእማዬ አልጋ ብላ በሱፍ ክር ስትሠራው ቆይታ፣ በታመመች በሁለት ሳምንቷ ሞተችብኝ። ቀብሬያት ስመለስ ሻንጣዋ ውስጥ ከነሹራብ መሥሪያ ሽቦው አገኘሁት። ለእማዬ አልነገርኳትም። ልቧ ደካማ ነው፤ ዓይኗም ማየት ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ብርድ ልብሱን ጨርሼ "ሰናይት ላከችልሽ" ልላት፣ አንድ ክረምት እንኳ ደስ ብሏት ለብሳው ስታሳልፍ ልያትና ከዚያ ላረዳት አሰብኩ።

ችግሩ፣ አሠራሩ አልገባኝም። እኔ የማውቀው ከታች ተጀምሮ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሄደውን ነው። የሷ ግን ከአንድ ማዕዘን ይነሳል፤ ከዚያ በየመስመሩ አንድ አንድ የክር ዓይን ሽቦው ላይ እየተጨመረ ይሰፋል። ወረቀት ላይ የጻፈችው ነገር የለም። ካቆመችበት ቀጥዬ እንደምንም የአልጋው ወርድ ድረስ አደረስኩት። ከዚያ ዓይን መቀነስ ስጀምር ርዝመቱና ወርዱ እኩል ሆኖ እግር የማይሸፍን ሊሆን ነው። ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ሦስተኛውን ፈትቼ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

በሕልሜ በግ ተራ ሄድኩ። በጎቹ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰዎቹ እግራቸው ታስሮ ተጋድመዋል። አንዲት በግ ቀስ ብላ አጋደመችኝና ጸጉሬን በመቀስ ትሸልተኝ ጀመር።

"ምን ልታደርጊው ነው?" አልኳት።

"ለልጄ ሹራብ ልሠራበት" አለችኝ። "ዘንድሮ ብርዱ ከብዷል። እስቲ አንገትሽን ቀና አድርጊልኝ፣ እናቴ።"

አልከፋኝም። ሽበቱን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ ስታደርግ እያየሁ ስለ ብርድ ልብሱ ጠየቅኳት።

"እሱንማ የጀመረችውን ጠይቂ። ሆስፒታል ናት" አለች።

ወዲያው ሆስፒታል ነበርኩ። ሐኪሞቹ አልጋ ላይ ተኝተው ያቃስታሉ፤ በሽተኞቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው ከአልጋ አልጋ ይዞራሉ። ክንዳቸው ላይ ጉሉኮስ የተሰካ አንድ ሽማግሌ መዝገብ ይዘው ወደኔ መጡ።

"እህቴን ፈልጌ ነበር፤ ሰናይት ትባላለች" አልኳቸው።

"እሷማ ድና ወጣች።"

"እኔ እኮ ነኝ የቀበርኳት፣ አባቴ።"

መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። "ተሳስተዋል" አሉኝ በትሕትና። "የሞቱት እርስዎ ነዎት። ቶሎ ከሄዱ ለቅሶዎ ላይ ይደርሳሉ።"

ድንኳኑ የተተከለው የኛው ደጅ ላይ ነበር። የተቀመጡት ሁሉ የሰፈራችን ሙታን ናቸው። ካረፉ ሁለት ዓመት የሞላቸው ጎረቤታችን ጋሽ ሽብሩ ንፍሮ ያዞራሉ። መሀል ላይ ሰናይት ፊቷ በልቅሶ አብጦ ተቀምጣለች፤ እጆቿ ግን ብርድ ልብሱን ይሠራሉ። ስታየኝ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።

"እትዬ፣ መጣሽ?" አለችኝ። "መሞትሽን ለእማዬ አልነገርኳትም። ይህን እስክጨርስ እያልኩ ነው።"

"እሷስ ስለኔ አትጠይቅሽም?"

"በየጠዋቱ ትጠይቀኛለች። ስልኳ ተበላሽቶ ነው እላታለሁ።"

እኔም ለእማዬ በየጠዋቱ የምላት ይህንኑ ነበር። እጆቿን ማየት ጀመርኩ።

"ከዚህ በኋላ እንዴት ነው የሚሄደው?" አልኳት። "እኔ አቃተኝ።"

"ወርዱ ሲሞላልሽ ከሁለቱም ጎን አትቀንሺ" አለችኝ። "በዚህኛው ጎን አንድ ዓይን ትጨምሪያለሽ፣ በዚያኛው አንድ ትቀንሻለሽ። የዓይኑ ብዛት ሳይለወጥ መርዘም ብቻ ይረዝማል። ርዝመቱ ሲበቃሽ ያን ጊዜ ከሁለቱም ጎን ትቀንሻለሽ።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

እጇን ያዝኩ። ይሞቃል። አዳማ የደረስኩ ቀን የያዝኩት እጅ ቀዝቅዞ ነበር። ሲያምሽ ያኔውኑ ለምን አልጠራሽኝም ልላት አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ሽብሩ ንፍሮውን አስቀመጡና "ሟቿ ለቀስተኞቹን ትሸኝ" አሉ። ሙታኑ ተነስተው አንድ በአንድ "እግዜር ያጽናሽ" እያሉኝ ወጡ። የመጨረሻዋ ሰናይት ነበረች።

ጭኔ ላይ ያለው ነገር ሲጎተት ነቃሁ። እማዬ ግድግዳውን እየዳበሰች መጥታ አጠገቤ ቆማለች። የብርድ ልብሱን ማዕዘን ይዛ ጣቶቿን በየመስመሩ ላይ በዝግታ ታንሸራትታለች።

"እማዬ፣ ሰናይት የላከችልሽ ነው" አልኳት። "ድንገት ልሰጥሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።"

ጣቶቿ መሀል ላይ ቆሙ። ወደ ኋላ ተመለሱ፤ እንደገና መጥተው እዚያው ቆሙ።

"እስከዚህ ድረስ የሰናይት እጅ ነው፤ ላላ ይላል" አለች። "ከዚህ ወዲህ ያንቺ ነው። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ክር ታጠብቂያለሽ።"



ሌላ ወንበር በእጇ ፈልጋ ከጎኔ ተቀመጠችና ብርድ ልብሱን ጭኗ ላይ ሰበሰበችው።

"መቼ ነው የሞተችው?" አለችኝ።