ጠያቂ ያጣው እጩ

ብርቱካኑን በፌስታል አንጠልጥዬ ወደ ፓርቲያችን አዳራሽ እየሮጥኩ ነው። በሕልሜ ነው እንግዲህ፣ ትናንት ማታ። ረፍዶብኛል። በሩ ላይ «የሊቀመንበር እጩዎች የሚጠየቁበት ቀን» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ አባላቱ በሙሉ ሙዝና አጥሚት ይዘው ተሰልፈዋል። እኔን እንደሆነ ምንም አልገረመኝም።

ፈታሹ ኪሴን ዳበስ ዳበስ አደረገና «ጥያቄ ይዘሃል?» አለኝ።

«ኧረ ብርቱካን ብቻ ነው።»

«እለፍ። ቅድም አንዱ ካልሲው ውስጥ ጥያቄ ደብቆ ገብቶ ጉድ ሠርቶናል።»

ገባሁ። ወንበር የሚባል ነገር የለም፤ አዳራሹ አልጋ በአልጋ ሆኗል። እጩዎቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተኝተዋል። አቶ ሽመክት ትራስ በትራስ ላይ ተደርቦላቸው መሀል ላይ ናቸው፣ ሰው ከቧቸው ያለቅሳል።

«እግዜር ይማርዎት አቶ ሽመክት! ምንዎን ነው ያመመዎት?»

«ወንበር።»

«ውይ! የት ጋ?»

«የምቀመጥበት ጋ ነው የሚብሰው» አሉና ሙዝ እየላጡ ጠያቂዎቻቸውን ማጉረስ ጀመሩ። የጎረሰ ሁሉ ያጨበጭባል።

መድረኩ ላይ አስመራጯ ፍየል የድምፅ መስጫ ወረቀት ታኝካለች። «ምን እያደረግሽ ነው?» ብላት፣ «አትረብሽ፣ ቆጠራ ላይ ነኝ» አለችኝ።

ጥግ ላይ ጋሽ ይርዳውን አየኋቸው። ፓርቲውን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው፤ እኔንም አባል ያደረጉኝ እሳቸው ናቸው። ከእጩዎቹ ሁሉ የቆሙት እሳቸው ብቻ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ጫማቸው ያብለጨልጫል፣ ጉንጫቸው ሞልቷል። አጠገባቸው ግን ዝንብ እንኳን የለም።

«ምነው ጋሽዬ፣ ብቻዎን?»

«ደህና ነኝ ብዬ ነዋ፣ ናሁዬ። ደህና ሰው ማን ይጠይቃል?»

ብርቱካኑን ዘረጋሁላቸው። አልተቀበሉኝም።

«እሱን ተወው። ያቺን ጥያቄ ጠይቀኝ።»

ያቺን ጥያቄ አውቃታለሁ። እጩ ባዩ ቁጥር የሚጠይቋት ናት፦ «ከወንበሩ የወረድክ ቀን በምን ትኖራለህ?» ለዚች መልስ የሌለው ሰው አይወርድም ይላሉ። አፌን ከፈትኩ። ብርቱካን ወጣ። እንደገና ከፈትኩ፣ አሁንም ብርቱካን። ጋሽ ይርዳው ጎንበስ ብለው እየለቀሙ ባርኔጣቸው ውስጥ አስቀመጡ። ባርኔጣው ሞላ።

«በቃ ልጄ፣ አትጨነቅ» አሉኝ።

ፍየሏ «ያልተጠየቀ ይውጣ!» ብላ ጮኸች። ወጡ። ባርኔጣቸውን ታቅፈው፣ ዞር ዞር ብለው እያዩኝ። ልከተላቸው ብል እግሬ የሆነ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠላልፎ...

ስልኬ ነው የቀሰቀሰኝ። የወረዳችን የፓርቲ ፀሐፊ፣ ትርሲት ናት።

«ናሁ፣ ጥያቄህን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ።»

«የምን ጥያቄ?»

«ዛሬ ከሰዓት አቶ ሽመክትን የምትጠይቃቸው ነዋ! ሸምድደው፤ ግን ከልብህ የመጣ ይምሰል።»

ከፈትኩት። «ሌት ተቀን ለፓርቲያችን ሲለፉ ጤናዎን እንዴት ይጠብቃሉ?» ይላል።

ሳቄ መጣ፤ ግን አልወጣልኝም። ጋሽ ይርዳው የእውነት ታመው፣ ከእጩነት ወጥተው፣ ሆስፒታል ከተኙ ሰነበቱ። አሁን አቶ ሽመክት ብቻቸውን ነው የሚወዳደሩት። ጋሽ ይርዳው ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ይገባሉ፤ ሐኪሙ ይድናሉ ብሎ አፉን ሞልቶ አይናገርም። ትናንት ስደውልላቸው «እኔ ጋ እንዳትመጣ። ያቺን ጥያቄ ሽመክትን ጠይቅልኝ» አሉኝ። ስልኩን ዘጋሁት ብለው ሳይዘጉት ግን ነርሷን «ዛሬም ጠያቂ አልመጣልኝም?» ሲሏት ሰማኋቸው።

የሆስፒታሉ የጠያቂ መግቢያ ሰዓትና የአዳራሹ ስብሰባ አንድ ላይ ነው። እናንተ ብትሆኑ ማንን ትጠይቁ ነበር?