የሲስተር ፍሪጅና የኮሚቴው ላምባ

ብልህ ለመምሰል የሚደክም መሥሪያ ቤት ያስፈራኛል። ሞኙ ቢያንስ ሰው ይጠይቃል፤ ብልሁ ግን ቃለ ጉባኤ ይይዛል! ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። የግዢ ኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ፤ ያንን የተረገመ ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት በዚህ በገዛ እጄ ነው።

ክልላችን ያኔ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ላይ ቢሮ ተከፈተ ሲባል የተከፈተው በሩ ብቻ ነው። ወንበሩ ከአዲስ አበባ፣ ወረቀቱ ከአዲስ አበባ፣ ኧረ ማኅተማችን ሳይቀር ከአዲስ አበባ ይመጣል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። እስከዚያው ደብዳቤ የምንጽፈው ያለ ማኅተም ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

የጤና ጣቢያው የክትባት ፍሪጅ የሚሠራው በላምባ ነው። ላምባ ካለቀ ቁም ሳጥን ማለት ነው። የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ጫልቱ፣ የወለጋ ልጅ፣ ነገር አታንዛዛም። ክረምቱ ሳይገባ መጣችና፣ የኩፍኝ ክትባት በአውሮፕላን ሊላክልኝ ነው፣ ላምባ ግን አውሮፕላን አይሳፈርም፣ አሁኑኑ ግዙልኝ አለች። ደግሞም ከሐጂ ኢድሪስ ግዙ አለች።

ሐጂ ኢድሪስ ከቢሯችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው የበርታ ነጋዴ ናቸው። ክረምት መንገድ እንደሚቆርጥ ስለሚያውቁ በየበጋው ላምባ በበርሜል ሞልተው ያስቀምጣሉ። በርሜሎቹ ከእኔ መስኮት ይታያሉ። ታዲያ ምን ዋጋ አለው? ሐጂ ማኅተም የላቸውም! ማኅተም ከሌለው ሰው እንዴት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል? እኛስ ነበረን ወይ? ዝም በሉኝ እስቲ።

ሊቀ መንበራችን ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ከአሁን በኋላ በአንድ አቅራቢ ላይ መንጠልጠል ቀረ፣ ከሦስት እንገዛለን፣ ሁለቱ ቢቀሩ አንዱ ይደርሳል አሉ። እንዴት ያለ ጥበብ ነው! አጨበጨብን። ሦስቱንም ከአዲስ አበባ መረጥን፤ ማኅተማቸው ከሩቅ የሚነበብ።

ክትባቱ መጣ፤ ዝናቡም መጣ፤ ላምባው ቀረ። ለአንደኛው አቅራቢ ስልክ ብንደውል መኪናው መንገድ ላይ ነው አለ። ሁለተኛውም እንደዚያው፤ ሦስተኛውም እንደዚያው። ሊቀ መንበሩ ሦስት መኪና ሊመጣልን ነው ብለው ግቢው ውስጥ ቦታ አስጠረጉ። በማግስቱ የአዲስ አበባን መንገድ የሚያቋርጠውን ወንዝ በእግሩ የተሻገረ መንገደኛ ጉዱን ነገረን። ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል፤ ማዶ ጭቃ ውስጥ የቆመች አንዲት ኤንትሬ የጭነት መኪና አለች። አንዲት! በክረምት ወደ አሶሳ የሚደፍረው ሹፌር አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሦስቱም የጫኑት በእሱ ነው። የእኛም ማኅተም በካርቶን ታሽጎ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጧል።

ሲስተር እየሮጠች መጣች፤ የቀራት ላምባ ከነገ አያልፍም። ሐጂም ተከትለዋት መጥተው ውሰዱ፣ ወረቀቱ ይደርሳል አሉ። እኛ ምን አደረግን? ተሰበሰብን። ያልታወቀ ላምባ ፍሪጁን ቢያበላሸው ማን ይጠየቃል ተባለ። ሐጂ ግራ ገብቷቸው፣ ፍሪጁ የሚጠጣው ላምባ ነው ወላ ማኅተም ብለው ጠየቁን። ጥያቄያቸው በቃለ ጉባኤ ተያዘ። ለሲስተር ግን ኮሚቴው ሳይፈቅድ ብትጨምሪ በኃላፊነት ትጠየቂያለሽ የሚል ደብዳቤ ተጻፈላት። ማን ጻፈው? እኔ! ማኅተም አልነበረውም፤ ሴትዮዋን ለማስፈራራት ሲሆን ግን በቂ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የሐጂን ላምባ ፈቀድን። ሲስተር ክትባቱን በባልዲ ይዛ መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ንካው አለችኝ። ነካሁት፤ ሞቋል። ከኋላዋ ሐዋ የምትባል እናት ልጇን አዝላ ቆማለች። የፊተኛ ልጇን ኩፍኝ የነጠቃት፣ ይህን ላስከትብ ብላ ከገጠር በእግሯ የመጣች ሴት ናት። ሲስተር ወደ እኔ ዞራ፣ መቼ ልትመለስ እንደምትችል አንተው ንገራት አለችኝ። ዓይኔን ወደ ቃለ ጉባኤው መለስኩ። እስከ ዛሬ ሳስበው ቆሽቴ ያርራል፤ በኮሚቴው ብቻ አይደለም፣ በዚህ በእጄም ጭምር።

ድልድዩ ተጠግኖ መኪናዋ ከመግባቷ በፊት ግምገማ ተቀመጥን። ጥፋታችን ተገኘ፤ ሦስት አቅራቢ ትንሽ ነው፣ ለከርሞ አምስት ይሁኑ ተባለ። ተጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም፤ እጄ ቃለ ጉባኤውን እየጻፈ ነበር።

ሹፌሩ ላምባውንና ማኅተማችንን ይዞ የገባ ዕለት ንዴቴን ሁሉ በእሱ ላይ ላራግፍ ወጣሁ። ለከርሞ አቅራቢዎቹ አምስት ሊሆኑ ነው፣ ታውቃለህ ወይ ብዬ ጮኽኩበት። የመኪናዋን ኋላ ዞር ብሎ አየና አጽናናኝ፦ አይዞህ ጋሼ፣ የአምስቱንም ትችላለች አለኝ።