እትዬ ፋንታዬ በየትኛው በር ይግቡ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16 ቀን 1996 በፈረንጆች፤ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ። ብርዳማ ነው፤ ቀጭን በረዶ ይጥላል። ስብሰባው የተካሄደው ቤተ ክርስቲያናችን ሆልምዉድ ሰፈር በቅርቡ በገዛችው ቤት ሳሎን ነው።

የተገኙ፦ ጋሽ ግርማቸው (ሰብሳቢ)፣ አቶ ሰብስቤ (የሕንፃ ጉዳይ)፣ እኅት እፀገነት (መስተንግዶ)፣ ወንድም ቢሩክ (የወጣቶች ተወካይ፣ የሕንፃ ንድፍ ተማሪ)፣ ጽጌረዳ (ጸሐፊ፣ ድምፅ የማትሰጥ)። እትዬ ፋንታዬ ዊልቼራቸው የፊቱን ደረጃ ስለማይወጣ፣ ደጅ በቆመው የጋሽ ግርማቸው መኪና ውስጥ ተገኝተዋል። እሳቸውን ጨምሮ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ አንድ። ነገ በዚህ ቤት የመጀመሪያው አምልኮ ስለሆነ እትዬ ፋንታዬ እንዴት ይግቡ?

ሰብሳቢው፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዓመታት በእትዬ ፋንታዬ ሳሎን ስትሰበሰብ እንደኖረች፣ ያለ እሳቸው አምልኮ መጀመር ነውር እንደሆነ አስረዱ። ሁሉም "አሜን" አሉ።

አቶ ሰብስቤ በፊቱ ደረጃ ላይ የእንጨት መወጣጫ ለመሥራት የሰፈሩን ማኅበር ኮል አድርገው ነበር። የተሰጣቸው መልስ፣ ሰፈሩ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በአንድ ንድፍ ስለተሠራ ከመንገድ የሚታይ ነገር አይነካም የሚል ነው፤ ማማው፣ በረንዳው፣ የእንጨት ጥልፉ፣ ደረጃውም ጭምር። እፀገነት "ንግሥቲቱ ሞተዋል፤ እትዬ ፋንታዬ ግን በሕይወት አሉ" ብላ ይህ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላት ጠየቀች። ተይዟል።

ቢሩክ ስለ ቤቱ አሠራር ማብራሪያ ሰጠ። የፊቱ በር ለእንግዳ ስለሆነ ከፍ ብሎ፣ የኋላው ለወጥ ቤት ሠራተኛና ለከሰል አመላላሽ ስለሆነ ዝቅ ብሎ ተሠርቷል፤ አንድ ደረጃ ብቻ አለው። "ስለ ኋላው ማኅበሩ ኬር አያደርግም። ኢዚ ነው ጋሼ፣ አንድ ሳንቃ ይበቃል" አለ።

ጉባኤው ደነገጠ። ሰብሳቢው "እናታችንን በከሰል በር?" አሉ። እፀገነት "ታዲያ በጭስ ማውጫው ይግቡ?" አለች። አቶ ሰብስቤ ወንበሩን ከማማው መስኮት በገመድ መሳብ እንደሚቻል ናፕኪን ላይ ሥለው አሳዩ፤ ማኅበሩ ስለ ገመድ ምንም እንዳላለም አከሉ። ሰብሳቢው በበኩላቸው አራት ወንድሞች ይሸከሟቸው የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

በዚህ ጊዜ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። ጸሐፊዋ ተልካ ውይይቱ የደረሰበትን ነገረቻቸው። ይዛ የተመለሰችው ቃል፦ "እኔ ሶፋ አይደለሁም፤ ማንም አይሸከመኝም። በጓሮ አስገቡኝ፣ ብርዱ አጥንቴ ገባ።"

ሰብሳቢው ይህ የእትዬ ፋንታዬ ትሕትና እንደሆነ፣ ትሑት ሰው ዝቅ ልበል ሲል እሺ ማለት ደግሞ ድፍረት እንደሆነ አስገነዘቡ። እፀገነት ቃላቸው እንደ ድምፅ ይቆጠር አለች። ድምፅ የሚሰጠው ጠረጴዛው ዙሪያ የተቀመጠ ብቻ ስለሆነ ጥያቄዋ ውድቅ ሆኗል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የተወሰነው፦

ሀ. እትዬ ፋንታዬ በፊት በር ብቻ እንዲገቡ፤
ለ. የፊቱ ደረጃ እንዳይነካ፣ እሳቸውም ስላልወደዱ እንዳይሸከሟቸው፤
ሐ. አቶ ሰብስቤ የገመዱን ነገር እንዲያጠኑ።

ጥሩንባው እንደገና ተሰማ፤ አሁን ረዘም ብሎ ነው። ቢሩክ "ሀ" እና "ለ" አብረው እንደማይሄዱ አመለከተ። ጉባኤው መርምሮ ልክ ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽሮ፣ እትዬ ፋንታዬ ክብራቸው እንደተጠበቀ ነገም መኪናው ውስጥ ሆነው እንዲያመልኩ ተወስኗል። ስብሰባው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በጸሎት ተበትኗል። ብርድ ስለነበር ጸሎቱ አጭር ነበር።

እሑድ ጠዋት ጸሐፊዋ እትዬ ፋንታዬን ክሊንተንቪል ካለው ቤታቸው አምጥታ መኪናዋን በጓሮው መንገድ አቆመች። ከቤቷ ያመጣችውን የመደርደሪያ ሳንቃ በኋላው ደረጃ ላይ አጋደመች፤ ዊልቼሩን ገፍታ አስገባች። እትዬ ፋንታዬ ወጥ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና "ሙቀቱስ እዚህ ነው ለካ" አሉ። ጸሐፊዋ ካፖርታቸውን ተቀብላ ወደ ሳሎን ወሰደቻቸው።

የፊቱ በር ደወል ጮኸ። ጸሐፊዋ ልትከፍት ስትል እትዬ ፋንታዬ "ተዪው፣ እኔ እከፍታለሁ" ብለው ወንበራቸውን ወደ በሩ አሽከረከሩ።

ጋሽ ግርማቸው በሙሉ ልብስ፣ ትከሻቸው ላይ በረዶ እንዳለ ቆመው ነበር።

"ግባ ልጄ" አሏቸው እትዬ ፋንታዬ፤ "እግርህን ጥረግና ግባ።"

ጋሽ ግርማቸው ጠርገው ገቡ።