ሺህ ስም ያወጣው ጥያቄ

የትም አገር ብትሄዱ፣ ሰው ሁሉ «በቃ፣ ተዘጋ» ያለውን ነገር መልሳ የምትከፍት አንዲት ሰው አታጡም። ለእኛ ለሸዋ ሮቢት ሰዎች የደረሰችን ክብርት ፈይዛ ናት፤ እኔ ካርድ ክፍል በምሠራበት የግል ክሊኒክ የኮምፒውተር ባለሙያ። ቃሏ አንድ ነው፦ «ቆይ፣ ይጣራ።»

«ዛሬ ሙቀቱ አርባ ገባ» በሏት፤ «ጥላ ሥር ነው ፀሐይ ላይ? ይጣራ» ትላችኋለች። በሠፈራችን ልጅ በጣይባ ሰርግ የሙሽራዋ አባት «አልሐምዱሊላህ፣ ሺህ ሰው በላ» ቢሉ፣ ለካ ድንኳኑ በር ላይ ሆና ስትቆጥር ኖሯል፤ «ስድስት መቶ አሥራ ስምንት፣ ሕፃናትን ጨምሮ» አለቻቸው። የሙሽራዋ እናት እስከ ዛሬ ሰላምታዋን በአገጫቸው ነው የሚመልሱላት።

ባለፈው ግንቦት የካርድ ፕሮግራማችን ተንቀራፈፈ። አንድ ካርድ ለማውጣት አራት ደቂቃ! ውጭ እናቶች ትኩሳት የያዛቸውን ልጆች አዝለው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። እርግማኑን የምቀበለው እኔ ነኝ። ሥራ አስኪያጃችን ሰዲቅ «ማሽኑ አርጅቷል፤ አዲስ ይገዛ፣ ተዘጋ» አለ።

«ቆይ፣ ይጣራ» አለች ክብርት ፈይዛ።

የካርዶቹ መዝገብ ያለበት ዳታቤዝ ላይ፣ ፕሮግራሙ «ይህን ካርድ አምጣ» እያለ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች የትኛው ስንቴ እንደተጠየቀና ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ የሚቆጥር ተቀጥላ ፕሮግራም አለ። ጥፋተኛው ከዝርዝሩ አናት ላይ መታየት ነበረበት። ዝርዝሩ ላይ ያለው ግን ሁሉም ጨዋ ነው። ሦስት ቀን አፍጥጣ አየችውና ድንገት ሳቀች። መስኮቱ ሥር ተራ የሚጠብቁት የጀውሃው ገበሬ ጋሼ ኡበይድ፣ «ምን አገኘሽ ልጄ?» አሏት።

«ጋሼ፣ አንቱ ዛሬ ገበያ ወጥተው ሦስት ኪሎ ስኳር ቢገዙ፣ በሌላው ገበያ ደግሞ አምስት ቢገዙ፣ ሁለት ሰው ነዎት?»

«አስተግፊሩላህ! አንድ ነኝ እንጂ!»

«ይሄ ቆጣሪ ግን ሁለት ሰው ብሎ ነው የሚመዘግብዎ።»

«በዚህ አያያዙማ ጀውሃ በእኔ ብቻ ትሞላለች!»

የሆነውም ይኸው ነው። ቆጣሪው የካርድ ቁጥሮቹን ትቶ የጥያቄውን መልክ ብቻ መያዝ ሲገባው፣ ሦስት ካርድ አምጣ ማለትና አምስት ካርድ አምጣ ማለት ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሰሉት። ጥፋተኛው ሺህ ስም አውጥቶ፣ ጥፋቱን ለሺህ አከፋፍሎ፣ በሰላም ይኖር ነበር።

ፈይዛ የቆጣሪውን ኮድ ከፍታ፣ የቁጥሩ ዝርዝር ረዘመም አጠረም ጥያቄው አንድ ተብሎ እንዲቆጠር አደረገችው። ያ ሁሉ ስም ተሰብስቦ አንድ ሆነና አናት ላይ ጉብ አለ። ለጥቂት ካርዶች ሲል መዝገቡን በሙሉ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ጥያቄ ኖሯል! የትኛው ካርድ የት እንዳለ የሚጠቁም ማውጫ አበጀችለት። በማግስቱ ስም ጠርቼ ሳልጨርስ ካርዱ ይወጣ ጀመር፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደጃፉ ላይ አንድም እናት አልነበረችም። ሰዲቅም «ማሻአላህ» አለና ስለ አዲስ ማሽን ያወራውን ረሳ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃው ነበር። እሷ ማስተካከያውን ባሕር ማዶ ላሉት የቆጣሪው ፕሮግራም ባለቤቶች ላከች። «አስፈላጊ አይመስለንም» አሏት። መቼም ለማን እንደሚናገሩ አላወቁም፤ አምስት ሳምንት ተከራከረቻቸው። በመጨረሻ እጃቸውን ሰጡ፤ ሥራዋን ተቀብለው ስሟንም በኢንተርኔት ገጻቸው ላይ ካገዟቸው ሰዎች ተርታ አሰፈሩት፦ «ፋይሳ» ብለው።

አሁን ፈነዳች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን አየችውና፣ «ምን አለበት፣ ዋናው መሥራቱ ነው» ብላ ወደ ሻይዋ ተመለሰች።

እንዴት ምን አለበት? ምሳዬን ትቼ ያለችኝን እንግሊዝኛ ሰብስቤ ጻፍኩላቸው፦ «ፋይሳ የሚባል ሰው እኛ ዘንድ የለም። ፈይዛ ናት። ሴት ናት። የሸዋ ሮቢት ልጅ ናት።» በአራተኛው ቀን አረሙት።

አልነገርኳትም። ግን አልፎ አልፎ፣ ካርድ ክፍሉ ጭር ሲል፣ ገጹን ከፍቼ ስሟን አያለሁ።