ክዳኑ ሲከዳኝ

በእጁ የሠራውን ዕቃ ለጎረቤት በነፃ ከሚያድል ሰው ይሰውራችሁ! ነጋዴ በስንት ጣዕሙ... ሸጦላችሁ ዘወር ይላል፤ ዕቃው ቢሰበር ቢሰነጠቅ ደግሞ አይጠይቃችሁም። ሰጪ ግን ይመለሳል! «እንዴት ነው፣ ወደዳችሁት?» ይላል። «ምነው መደርደሪያ ላይ ሰቀላችሁት?» ይላል። ስትጠቀሙበት በዓይኑ ካላየ ከወንበሩ አይነሳም። ይህን የምለው እንዲህ ያለ ሰው አስመርሮኝ እንዳይመስላችሁ። አስመራሪው ሰውዬ እኔ ነኝ!

ነገሩን የለኮሰችው ባለቤቴ ስንዱ ናት። አንድ ጠዋት ይህንኑ ዓምድ ስጽፍ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ስትጽፍ ኖርክ» አለችኝ። «እስኪ አንዴ እንኳ በእጅ የሚያዝ ነገር ሥራ!»

በእጅ የሚያዝ! እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ? እኔ መልሴን በሥራ ላሳያት ቆረጥኩ። ባጃጅ ተሳፍሬ ከጎንደር ወጣ ብሎ ወዳለው የሸክላ ሠሪዎች መንደር፣ ወደ ወለቃ ሄድኩ።

እትዬ ይርገዱ ወለቃ መንገድ ዳር ተቀምጠው ጀበናና ማሰሮ የሚሠሩ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። የሻይ ማንቆርቆሪያ መሥራት ያስተምሩኝ ብላቸው ሁለት እጆቼን ያዙና እያገላበጡ አዩአቸው።

«ምነው ልጄ፣ ይሄ እኮ እስክሪብቶ የለመደ እጅ ነው። ጭቃው ይስቅበታል።»

ሳቀ! ጭቃ ሲስቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሆድ ላወጣለት ስል ይተኛል። አፍንጫ ልቀጥልለት ስል ያጎነብሳል። ጆሮውን ይዤ ላነሳው ስል ጆሮው እጄ ላይ ይቀራል፣ እሱ መሬት ላይ ይቀራል። የመጀመሪያውን ጨርሼ ፊታቸው ሳቀርበው እትዬ ይርገዱ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ሸጋ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን ምንድን ነው?»

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ቅዳሜ በቅዳሜ ተመላልሼ አራት ማንቆርቆሪያ ከነክዳናቸው አቆምኩ። አንዱ አፉ ሰፊ፣ አንዱ አፉ ጠባብ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበሉ... ግን የኔ! ደርቀው እሳት የሚገቡበት ቀን ሲደርስ እትዬ ይርገዱ አንድ ምክር ሰጡኝ።

«በየክዳኑና በየማንቆርቆሪያው ላይ ምልክት ጫር አድርግበት። እሳት እንደየራሳቸው ነው የሚያኮማትራቸው። በኋላ የአንዱ ለሌላው አይገጥምም።»

«እትዬ ይርገዱ!» አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ። «አባት ልጆቹን መለየት ያቅተዋል?»

እሳቸው ፈገግ ብለው ወደ ፍልጣቸው ዞሩ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ማንቆርቆሪያዎቼን ደርድረው፣ የባሕር ዛፍ ፍልጥና ኩበት ከምረውባቸው እሳት ለቀቁባቸው። እኔ ሚስቱ ምጥ ላይ እንዳለች ሰው እሳቱን እየዞርኩ እንቆራጠጣለሁ። እንጨቱ ይንጣጣል፣ ጭሱ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ እኔ ግን ከአጠገቡ አልርቅም። ድንገት ከውስጥ «ጧ!» አለ።

«ወይኔ ልጄን!» ብዬ ራሴን ያዝኩ።

መንገድ ላይ የነበረ ባጃጅ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እግዜር ያጽናህ ጋሼ... ማን ነው ያረፈው?» አለኝ። እትዬ ይርገዱ በሳቅ ተንፈራፍረው ሊመልሱለት አልቻሉም።

አንዱ ፈነዳ፣ ሦስቱ ግን እንደ በሰለ ኮክ ቀልተው ወጡ። በጭድ ጠቅልዬ፣ ጆንያ ውስጥ አድርጌ፣ ጆንያውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቤቴ ገባሁ። ስንዱ አንዱን አንስታ በጣቷ ቆርቆር አደረገችውና... ፈገግ አለች! ሃያ ዓመት ስጽፍ ያላገኘኋትን ፈገግታ በአንድ ጭቃ አገኘኋት።

አንዱ ለቤታችን ቀረ። ሁለቱን ፊት ለፊታችን ላሉት ለአያ ደሴና ለአያ ጫኔ ልሰጥ ቆረጥኩ። ስለ ሁለቱ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም።

አያ ደሴና አያ ጫኔ የኮሶዬ ሰዎች ናቸው። አብረው አድገው፣ አብረው ጎንደር ገብተው፣ በአንድ አጥር የተያያዘ ቤት ሠርተው፣ በአንድ ሳምንት ልጆቻቸውን የዳሩ ሰዎች። ከሁለት ዓመት በፊት ግን በእድር ስብሰባ መሐል አያ ጫኔ ተነስተው፣ «ደሴ እያንኮራፋ ስለሆነ ንግግሩን መስማት አልቻልንም» አሉ።

«እኔ አላንኮራፋሁም! እያሰብኩ ነበር!» አሉ አያ ደሴ ብድግ ብለው።

«ማሰብህ እኮ እስከ ዋናው መንገድ ይሰማል!»

እድርተኛው ሳቀ። በቃ! ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። የግድ መነጋገር ሲኖርባቸው በእንስሳት በኩል ነው። አያ ደሴ አጥር ሥር ቆመው ውሻቸውን፣ «አንተ ውሻ፣ ለጎረቤትህ ንገረው፤ የቦዩ ውኃ ወደኛ እየገባ ነው» ይሉታል። አያ ጫኔ ከወዲያ ወደ በጋቸው ዞረው፣ «አንተ ሙክት፣ ለውሻው መልስለት፤ ውኃ ወደ ታች ነው የሚፈሰው!» ይላሉ። ውሻውና በጉ ግን እርስ በርስ ምንም ጠብ የላቸውም።

ላንዱ ሰጥቼ ሌላውን ብተው ወገንተኛ እባላለሁ። ስለዚህ ለሁለቱም! ስንዱ ማንቆርቆሪያዎቹን ጭቃ ጭቃ እንዳይሉ አሟሸቻቸው። ክዳን ክዳናቸውን እኔ ከጆንያው መርጬ ሰጠኋት።

«ለካኸው?» አለችኝ።

«አባት ልጁን በሜትር አይለካም!»

እያንዳንዱን ክዳን ለብቻው በጋዜጣ ጠቀለለችው... በጋዜጣው ላይ የኔ ዓምድ ነበረበት። «ተመስገን» አለች፤ «ጽሑፍህ ዛሬ አንድ ነገር ሸፈነ!»

ስጦታዬን አድርሼ፣ ተመርቄ ተመለስኩ። ሁለት ቀን ቆይቶ አያ ደሴ በሬን ደበደቡት።

«ጋዜጠኛው! ክዳንህ ሰጠመ!»

«ምን ሆነ?»

«ሰጠመ! የንስሐ አባቴ መጥተው ሻይ ልቀዳላቸው ማንቆርቆሪያውን ብከድነው ጉልቅ ብሎ ገባ! በጭልፋ ነው ያወጣሁት! አባም ‹ደሴ፣ ዛሬ ዓሣ ነው እንዴ?› አሉኝ።»

ይቅርታ ጠይቄ ሳልጨርስ አያ ጫኔ ደግሞ ከተፍ! እሳቸው በሩ ላይ አያ ደሴን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አያ ደሴም ወደ ሰማይ እያዩ ወጡ።

«ይሄ ክዳንህ» አሉ አያ ጫኔ፣ «ለማንቆርቆሪያው ሰፍቶት አናቱ ላይ እንደ ባርኔጣ ነው የሚቀመጠው። ለምራቴ ሻይ ልቀዳላት ዘንበል ሳደርገው ተንከባሎ ጭኗ ላይ ወደቀ!»

ገባችሁ? ሰፊው አፍ የጠባቡን ክዳን፣ ጠባቡ አፍ የሰፊውን ክዳን ይዘዋል። ክዳኑ ከዳኝ! ቀላል ነው እንዳትሉ። እኔም ቀላል ነው ብዬ ነበር። አያ ደሴ ዘንድ ሄጄ፣ «የእርስዎ ክዳን አያ ጫኔ ዘንድ ነው፤ ላለዋውጣችሁ» ብላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ጫኔ ቤት ያደረ ክዳን የኔን ሻይ አይከድንም! በሰሃን እከድነዋለሁ!»

አያ ጫኔ ደግሞ፣ «እኔ ክዳን የምሰጠው እሱ መጀመሪያ ከሰጠ ነው። እሱ መጀመሪያ የሚሰጠው ደግሞ ይቅርታ ከጠየቀ ነው» አሉኝ።

ጨነቀኝ። እዚያ የኔ ማንቆርቆሪያ በሰሃን ተከድኖ፣ እዚህ ደግሞ ባርኔጣውን ደፍቶ ተቀምጧል። እየሄድኩ አየዋለሁ፣ እሱም ያየኛል። እንዲያውም ጠቡን አባባስኩት፤ ውሻውና በጉ ስለ ክዳን ሲነጋገሩ መዋል ጀመሩ። ወለቃ ተመልሼ እትዬ ይርገዱን፣ አዲስ ክዳን ይሥሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው።

«ሁለት ሽማግሌ ማስታረቅ ቢያቅትህ እኔን ጭቃ ልታስረግጠኝ?» አሉና አባረሩኝ።

ምን ቀረኝ? ስርቆት!

ሳቁ እንጂ! ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ካፖርት የለበሰ፣ በሰፈሩ የተከበረ ጸሐፊ በጠራራ ፀሐይ የክዳን ሌባ ሆኖ ተሰማራ። ዕቅዴ ቀላል ነበር። ከአያ ደሴ ትንሹን ክዳን ኪሴ ከትቼ፣ አያ ጫኔ ቤት ገብቼ በትልቁ ለውጬ፣ ትልቁን ለአያ ደሴ መመለስ። ማን ያውቃል?

አያ ደሴ ቤት ገባሁ። «እስኪ የኮሶዬ ማር ላቅምስህ» ብለው ወደ ጓዳ ሲገቡ ክዳኑን ከመደርደሪያው ላይ ላፍ! ማሩንና ዳቦውን አቀረቡልኝ። በግራ እጄ እበላለሁ፣ ቀኝ እጄ ኪሴ ውስጥ ክዳኑን ጨብጧል።

«ምነው፣ ቀኝ እጅህ ምን ሆነ?»

«ቁ... ቁርጥማት ነው አያ ደሴ።»

«ቁርጥማት! ታዲያ ምነው አትናገርም? አምጣው በቅቤ ልሸው!»

«የለም ይተዉት! ቅቤ ሲነካው ይብስበታል!»

እጄን ከኪሴ ሊያወጡ እሳቸው ይጎትታሉ፣ እኔ እከለክላለሁ... እንደምንም አምልጬ ወጣሁ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። በቀጥታ አያ ጫኔ ቤት! እሳቸው ጓሮ በጉን ያበላሉ። «ግባ፣ መጣሁ!» አሉኝ። ገባሁ። ማንቆርቆሪያው ጠረጴዛው ላይ ባርኔጣውን ደፍቶ ተቀምጧል። ባርኔጣውን አነሳሁ። ትንሹን ክዳን ከኪሴ አውጥቼ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት።

ግጥም!

ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ግጥም ሳይሳካልኝ የኖርኩ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ግጥም አደረግኩ! ደስታው አናቴ ላይ ወጣ። እዚያው ሌብነቴን ረስቼ፣ «እልልልል!» ብዬ አቀለጥኩት።

አያ ጫኔ እየሮጡ ገቡ። ያገኙኝ ትልቁን ክዳን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ስከት ነው።

«አንተ! ክዳኔን?» አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። «ሌባ! ኡ ኡ! ያገር ያለህ! ሌባ ገባብኝ!»

«አያ ጫኔ፣ ላስረዳዎት...»

«ኡ ኡ!»

አጥሩ ተንኮሻኮሸ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አያ ደሴ፣ በበሩ መዞር ረዝሞባቸው፣ አጥሩን ጥሰው፣ ነጠላቸው እሾህ ላይ ቀርቶ፣ ዱላቸውን እንዳነሱ ገቡ።

«ጫኔ! ጫኔ! ምን ሆንክ? ነካህ ወይ?»

አያ ጫኔ አንገቴን እንደያዙ አያ ደሴን አዩአቸው። አያ ደሴ ዱላቸውን እንዳነሱ አያ ጫኔን አዩአቸው። በዚህ መሐል ውሻም በግም አልነበረም።

«አልነካኝም» አሉ አያ ጫኔ። «ደህና ነኝ... ደሴ።»

«እኔማ ስትጮህ ጊዜ...» አሉ አያ ደሴ። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና በወዳጃቸው ትከሻ ላይ እጃቸውን ጣል አደረጉ። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንገቴ ታንቆ ባይሆን ኖሮ አለቅስ ነበር።

ከዚያማ ሁለቱ አንድ ሆነው ዞሩብኝ! ዱካ ላይ አስቀምጠው መረመሩኝ።

«ስንት ክዳን ሰረቅክ?» አሉ አያ ጫኔ።

«ሁለት... ማለቴ አንድ ሰርቄ አንድ ልመልስ...»

«ቁርጥማቱስ?» አሉ አያ ደሴ።

«ቁርጥማት የለብኝም።»

«አየኸው ጫኔ? ቅቤዬን ሊጨርስብኝ ነበር!»

«ምን ይደረግ ደሴ፣ ጋዜጠኛ እኮ ነው!»

ፍርዱ ሁለቱንም ክዳን በየማንቆርቆሪያው ላይ አድርጌ፣ ሻዩን ራሴ አፍልቼ እንዳጠጣቸው ሆነ። ሁለቱም ገጠሙ። አያ ደሴ ሁለተኛውን ብርጭቆ ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«እኔ ግን ያን ቀን አላንኮራፋሁም።»

አያ ጫኔ ሻያቸውን ፉት አሉ። ግራ ቀኝ አዩ። ጣሪያውን አዩ። «አላንኮራፋህም» አሉ፤ «በኃይል እያሰብክ ነበር።»

ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። በፈረሰው አጥር በኩል ገና ጎሕ ሲቀድ ይገናኛሉ። ሁለት ዓመት ሳያወሩት የቀረውን ወሬ ሁሉ በተራ በተራ፣ ወር በወር እያወጉ ነው፤ ሁለቱም ጆሯቸው ከበድ ስላለ በጩኸት! ትናንት ሰዓቱን ጠብቄ ባዳምጥ ገና የካቻምናው ጥቅምት ላይ ናቸው። መጻፍ አልቻልኩም፣ ሰፈርተኛውም እንቅልፍ አጥቷል። ዛሬ ጠዋት ስንዱ ትራሷን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጎተተችኝና፣ በምድር ላይ የቀራት ተስፋ እኔ ብቻ እንደሆንኩ ሁሉ ዓይን ዓይኔን እያየች፣

«በናትህ...» አለችኝ፣ «ያን ክዳን መልሰህ ስረቀው!»