የጣሪያው ጉዳይና የቅዱሳኑ ተራ

ቁምስና በሚባለው የካቶሊክ አጥቢያችን የቤቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ታላቅ ሰው ናቸው። ታላቅነታቸው የሚጀምረው ከሆዳቸው ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ እኛ ግን ከሐሳባቸው ነው እንላለን። ባለጉዳይ በበዛ ጊዜ ሌላ ኃላፊ ቢሆን ሠራተኛ ይጨምር ነበር፤ እሳቸው ቅዱሳኑን ጨመሩ። ግድግዳው ላይ ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ሰቅለው፣ "እያንዳንዱ ጉዳይ ጠባቂ ቅዱስ ያለው ስለሆነ፣ ጉዳዩ የሚታየው በዚያ ቅዱስ በዓል ቀን ብቻ ይሆናል" የሚል መመሪያ አወጡ። የኩሽና አቤቱታ በፍም ላይ በተጠበሰው በቅዱስ ሎሬንዞ፣ የመስኮትና የመብራት በዓይን ጠባቂዋ በቅድስት ሉቺያ፣ ጥርሱን የሚያመው ሠራተኛ ፈቃድ ደግሞ ጥርሷን ባረገፏት በቅድስት አፖሎንያ። ሠራተኞቹ ቆመው አጨበጨቡ። በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚሠራ ሥራ ተገኝቶ ማን ያኮርፋል!

አንዲት ልብስ ሰፊ ወደዚህ ቢሮ የመጣችው የገና በዓል ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። የምትኖርበት ቤት የቁምስናው ነው፤ ጣሪያው ልክ ከስፌት መኪናዋ በላይ ተቀዷል። ዝናቡ ሳይመጣ ካልተጠገነ የሰው ልብስ ይበላሽባታል። ያለ ፈቃድ አንዲት ምስማር ብትመታ ደግሞ ደንቡ ከቤቱ ያስወጣታል።

"ጣሪያ..." አለች የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ ጣቷን በቀን መቁጠሪያው ላይ እያስኬደች። "ጣሪያ የአናጢ ሥራ ነው፤ አናጢ ደግሞ ቅዱስ ዮሴፍ ነው። መጋቢት ላይ ብቅ ይበሉ፣ እትዬ።"

"እስከ መጋቢት?"

"ታዲያ ቅዱስ ዮሴፍን ላጣድፈው?"

በቅዱስ ዮሴፍ ቀን ማልዳ ብትሄድ በሩ ተቆልፏል። "ዛሬ የቅዱስ ዮሴፍ ክብረ በዓል ስለሆነ ጽሕፈት ቤቱ ዝግ ነው። የጣሪያ ጉዳይ ያላችሁ ዛሬ ብቻ ትስተናገዳላችሁ" የሚል ማስታወቂያ ከነማኅተሙ ተለጥፏል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛው ላይ ሳቋ መጣ፤ በማግስቱ ግን አልሳቀችም።

"ትናንት ብመጣ ዝግ ናችሁ!"

"በዓል ነዋ!"

"ጉዳይዎ የሚታየው በበዓሉ ቀን ነው ተብዬ አይደል?"

"ልክ ነው። እርስዎ ግን ዛሬ መጡ፤ ምን እናድርግዎ?" ሠራተኛዋ ለማንኛውም ብላ መደርደሪያውን አገላበጠች፤ ፊቷ በርቶ ተመለሰች። "እንኳን ደስ አለዎት፣ ፋይልዎ ጠፍቷል! የጠፋ ነገር የቅዱስ እንጦንዮስ ነው። ሰኔ ላይ ይምጡ።"

ጎረቤቷ ያሉ አንዲት መነኩሲት፣ ቅዱስ ኤክስፔዲቱስ የሚባል የአስቸኳይ ጉዳይ ጠባቂ እንዳለና በዓሉም ሚያዝያ ላይ እንደሚውል ሹክ አሏት። ማመልከቻ ጽፋ ሮጠች። ኃላፊው ማመልከቻውን በአክብሮት ተቀብለው፣ "አስቸኳይ" የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ስብሰባውን ያደርጋል ተብሎ ይጠበቃል።

በሰኔ ግን ነቃች፤ በእንጦንዮስ ዋዜማ ከች አለች። ኃላፊው ወንበራቸው ላይ ወትሮ ከሚቀመጡት ከፍ ብለው ተሰይመዋል። ከመቀመጫቸው ሥር የእሷ ስም የተጻፈበት ፋይል ጫፉን ብቅ አድርጓል።

"ጌታዬ፣ የተቀመጡበት እኮ የኔ ፋይል ነው!"

ጎንበስ ብለው አዩት። "ነው" አሉ፣ ምንም ሳይደነግጡ። "ነገር ግን የጠፋ ነገር የሚገኘው ነገ ነው። ዛሬ ቢገኝ ቅዱሱን መናቅ ይሆናል።"

"ነገ ዝግ ናችሁ!"

"ቅዱሱን ልናከብር ነዋ!" ብለው በሙሉ ክብደታቸው ተመልሰው ተቀመጡበት።

በዚያው ሳምንት ዝናቡ መጣ። ልብስ ሰፊዋ በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በሌላው ጨርቅ ይዛ ልትሰፋ ሞከረች። የአንዲት ሙሽራ ቬሎ የዝገት ውኃ ጠጥቶ ስታየው ቁጭ ብላ አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ ደሟ ፈላ። እህቷን ጠራች፣ መሰላል ተዋሰች፣ "የሚያባርሩኝ ከሆነም ልብሴ ደርቆ ያባርሩኝ!" ብላ ጣሪያው ላይ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ጀምረው ጀምበር ሳትጠልቅ ጨረሱ።

ወሬው ጽሕፈት ቤቱ ለመድረስ አልዘገየም፤ እዚያ ቢሮ ቶሎ የሚደርስ ነገር ቢኖር ወሬ ነው። በነጋታው ኃላፊው፣ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛና ማኅተሙ አብረው መጡ። ልብስ ሰፊዋ ዕቃዋን ጠቅልላ በሯ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

"ማን ፈቀደ?"

"ማንም።"

"ማን ፈረመ?"

"ማንም።"

"ምን ያህል ጊዜ ፈጀ?"

"ግማሽ ቀን።"

ኃላፊው ሽቅብ ጣሪያውን አዩ። ኮፍያቸውን አወለቁ። "ሠላሳ ዓመት አገልግያለሁ" አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። "ያለ ማመልከቻ፣ ያለ ስብሰባ፣ በግማሽ ቀን ያለቀ ሥራ አይቼ አላውቅም። ይህ በሰው ኃይል የሚሆን አይደለም። ተአምር ነው! መዝግቢ!"

"ኧረ ጌታዬ፣ እህቴ መሰላሉን ይዛልኝ..."

"ትሕትናዋንም መዝግቢ!"

ተአምር የሠራ ሰው ከቤት የሚወጣበት ደንብ ስለሌለ ዕቃዋን መልሳ እንድትፈታ ታዘዘች። እዚያው ቆመውም ልብስ ሰፊዋ "የደጅ ጠኚዎች ሁሉ ጠባቂ" ተብላ ለቅድስና እንድትታጭ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ። በበዓሏ ቀን ቢሮው ዝግ እንደሚሆንም ተጨመረ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አጨብጭባ ሳትጨርስ አንድ ነገር ትዝ አላትና ወደ ኃላፊው ጆሮ ጠጋ አለች።

"ለቅድስና እኮ መጀመሪያ መሞት አለባት።"

ኃላፊው ልብስ ሰፊዋን ከእግር እስከ ራሷ በርኅራኄ አዩዋት።

"ምን ያስቸኩለናል፤ እንጠብቃለን" አሉ። "ብቻ አደራ እህቴ፣ የቅዱስ በዓል የሚውለው በሞተበት ቀን ነውና እሑድ እንዳይሞቱብን። እሑድ ድሮም ዝግ ነን።"