መሪጌታ አድማሴና ሠላሳ ሰባተኛው መስመር

ሥራ አለቀ ብላችሁ ስትነሡ ካጠገባችሁ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት አገር እስካሁን አላየሁም። ቅርጫው ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ድርሻውን ሊያነሣ ሲል "መደቡ ይቆጠርልኝ" የሚለው እሱ ነው። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቶ፥ ሾፌሩ አማትቦ፥ "ሰው ጎድሏል" ብሎ የሚያስቆመን እሱ ነው። በሰርግ ሚዜዎቹን ይቆጥራል፤ በተዝካር ቄሶቹን ይቆጥራል። ይበልጥ የሚያናድደው ደግሞ ከሦስት አንድ ጊዜ እውነትም ጎድሎ መገኘቱ ነው።

ለእኔ የደረሱኝ መሪጌታ አድማሴ ነበሩ።

ጊዜው ስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፥ ቦታው ፍኖተ ሰላም። እኔ ከአዲስ አበባ የተላክሁ፥ የአንድ ሰብል ጥናት ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጥናቱ ሲያወሩት ቀላል ነው። ከጂጋ እስከ ቡሬ ስልሳ ገበሬ ይመረጣል። እያንዳንዱ ጎን ለጎን በሁለት እኩል ቁራጭ መሬት ጤፍ ይዘራል፤ አንዱ ማዳበሪያ ይገባበታል፥ ሌላው አይገባበትም። ምርቱ ይለካና ቁጥሩ በቅጽ ላይ ይሞላል። ቅጹ አዲስ አበባ ይሄድና በካርድ ላይ እየተበሳ ኮምፒዩተር ለሚሉት ማሽን ይሰጣል።

ማሽኑን አላየሁትም። ያየ ሰው እንደነገረኝ አንድ ክፍል ሙሉ ይይዛል፥ ሙቀት አይወድም፥ ካርድ ይበላል። ፕሮግራም የሚሉትም ራሱን የቻለ የካርድ ጥቅል ነው። አማካዩን እንዴት እንደሚያወጣ፥ ልዩነቱ የእውነት ይሁን የአጋጣሚ እንዴት እንደሚለይ ለማሽኑ የሚነግረው ያ ጥቅል ነው። የስልሳ ገበሬ የዓመት ልፋት በሁለት ደቂቃ ተሰልቶ ይወጣል ተባልን። ለዚያች ሁለት ደቂቃ ስንዘጋጅ ወራት ፈጀን፤ ከወራቱ እኩሌታው የመሪጌታ ነው።

መሪጌታ ሹመታቸው ድምር መርማሪ ነበር። ማሽኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱን ቁጥር በእጅ ማጣራት ነው ሥራቸው። ከዚያ በፊት ሠላሳ ዓመት ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው፤ የሚመጣው ፋሲካ ቀርቶ የልጅ ልጃችሁ የሚፈስክበትን ቀን በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ይነግሯችኋል። እኔ በሆዴ ብዙ ማዕረግ ሰጥቻቸው ነበር። ሊቀ ድምር፥ መምህረ አማካይ፥ ዐቃቤ ነጥብ እላቸዋለሁ። ነጥብ ከቦታዋ ፈቀቅ ካለች ምሳ አይበሉምና።

ጠረጴዛዬ ላይ እጀታው እየዞረ የሚደምር የብረት ማሽን ነበረኝ። መሪጌታ አይወዱትም። "የሚያውቅ ሰው ሲደምር አይጮኽም" ይላሉ። እኔ እጀታውን አዙሬ ሳልጨርስ እሳቸው አውራ ጣታቸውን በአንጓዎቻቸው ላይ እያስኬዱ ጨርሰው ይጠብቁኛል። ቅጹን ሲቀበሉኝ አፍንጫቸው ድረስ ያስጠጉታል፤ ስህተት የሚሸታቸው ይመስለኝ ነበር። ወዲያው መልሰው ይሰጡኝና "አንብብልኝ። ቁጥር የጆሮ ነው" ይላሉ። አነባለሁ። ስጨርስ ያችን የፈራኋትን ነገር ይናገራሉ።

"እስቲ ከላይ እንጀምር።"

በዚያ ዓመት ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁ እሳቸው ብቻ ናቸው ቆጥረው ሊነግሯችሁ የሚችሉት። አንድ ጊዜ የጽሕፈት ቤቱ ወንበር ስምንት ነው የሚል ዝርዝር ደረሰን። ወንበሩ ሰባት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ስምንት ብሎ ይፈርም ነበር። መሪጌታ ሦስት ሳምንት አላስፈረሙንም። ስምንተኛው ወንበር ቡሬ፥ አለቃችን ቤት ተገኘ፤ የአለቃችን አማት ይቀመጡበት ነበር። አለቃችን ወንበሩን መለሱ፤ ቂሙን ግን አልመለሱም።

ወደ ሠላሳ ሰባተኛው መስመር ልምጣ።

ጥር መጨረሻ ላይ፥ ማክሰኞ ቀን፥ ቅጹ ሁሉ ተሞልቶ አለቀ። ሐሙስ ጠዋት ከቡሬ የሚነሣው አውቶቡስ ሲያልፍ ይዤው መሳፈር አለብኝ። ማሽኑ የብዙ መሥሪያ ቤት ስለሆነ ተራ አለው፤ የእኛ ተራ የሚቀጥለው ሰኞ ነበር። አለቃዬ "ቅጹ በጊዜ ከደረሰ የዝውውር ደብዳቤህም አብሮ ያልቃል" ብለውኛል። አዲስ አበባ ባለቤቴ እታለም፥ ሁለት ጊዜ ብቻ ያየኋት ሕፃን ታቅፋ ትጠብቀኛለች። ደክሞኝ ነበር። ጭቃውም፥ አቧራውም፥ አንጓ መቁጠሩም ሰልችቶኝ ነበር።

በሃምሳ ዘጠኙ ገበሬ ዘንድ ማዳበሪያ የገባበት መሬት ካልገባበት ሁለት ቁና ይበልጣል፤ ቢበዛ ሁለት ተኩል። በአንዷ ግን የሚበልጠው አንድ ቁና ብቻ ነው። ሠላሳ ሰባተኛው መስመር፥ ወለተ ሐና፥ ማንኩሳ። ከአዲስ አበባ የመጣው መመሪያ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ከሌላው የራቀ ቁጥር ካርድ ከመበሳቱ በፊት ይሰረዛል። አለቃችን ቅጹን አይተው "ማዳበሪያውን ለሁለቱም መሬት በትናዋለች፤ ዋሽታለች፤ ሰርዛት" ብለው ጽፈውበታል።

መሰረዝ ቀላል ነው፤ በማስመሪያ አንድ መስመር መሳብ ነው። ችግሩ ዋሸ ተብሎ የተሰረዘ ገበሬ ከጥናቱ መውጣቱ ነው። ከጥናቱ የወጣ ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ ለእርሻ የሚያውሰውን ጥማድ በሬ አያገኝም። ወለተ ሐና ባሏ የሞተባት፥ በሬ የሌላት ሴት ነበረች። ጥማዱን ካጣች መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ ያም ማለት ልጆቿ ግማሹን ዓመት ይራባሉ። ይህን አውቃለሁ። አውቄም ማስመሪያውን አነሣሁ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"ላጠፋት ነው፥ መሪጌታ። አለቃችን አዘዋል፤ መመሪያውም አለ።"

"ሴትዮዋን ጠየቅሃት?"

"ቁጥሯ ከሰው ጋር አይሄድም እኮ።"

"ከሰው ጋር አለመሄድ ውሸት ነው እንዴ? እስቲ ከላይ እንጀምር። ማንኩሳ ሄደን ከላይ እንጀምር።"

በነጋታው፥ ረቡዕ፥ ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥለን ማንኩሳ ወረድን። ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለውን ቁልቁለት መሪጌታ ትከሻዬን ይዘው ነው የወረዱት። ምርኩዝ አደረጉኝ ብዬ በሆዴ ተነጫነጭኩ። ወለተ ሐና ደጇ ላይ ቆማ ነበር፤ ዋሽታለች የሚለው ወሬ ቀድሞን ደርሷል። ጎረቤቷ ይርሳው፥ በቅጻችን ሠላሳ ስድስተኛው፥ ዱላውን ተደግፎ ሊታዘብ መጥቷል።

"እመት ወለተ ሐና፥ እንደምን ሰነበቱ። ስለ ጤፉ ነው የመጣነ" አሉ መሪጌታ።

"አውቄዋለሁ አባቴ። ወስዳ ሸጠችው ነው አሉ፥ ለሁለቱም በተነችው ነው አሉ። እንዴው እኔ ምን ብየ ልማል? ያላችሁኝን ነው ያደረግሁ።"

"መሐላ አልፈልግም። ያን ጊዜ ማዳበሪያ ያልገባበትን እንዴት ሰፈሩት? እንደዚያው አርገው ይስፈሩልኝ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጽሕፈት ቤታችን ያለው ሚዛን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ የገባበትን ምርት እኛ ራሳችን በሚዛን መዝነን ወደ ቁና እንመልሰዋለን፤ ያልገባበትን ግን ገበሬው በገዛ ቁናው ሰፍሮ ቁጥሩን ይነግረናል። ይህን ያሰበው ሰው ብልህ መስሎት ነበር። ልሸሽገው ብችል ደስ ይለኝ ነበር፤ ያሰብኩት እኔ ነኝ።

ወለተ ሐና ከጎታዋ የቀረውን ጤፍ አወጣች። ቁናውን ሞልታ ስልቻው ውስጥ ገለበጠች። "አንድ።" ሞላች፥ ገለበጠች። "ሁለት።" መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሦስት ከማለቷ ይርሳው በዱላው መሬቱን ነካ አደረገ።

"ኧረ እንዲህ አይሰፈርም! በረከቱን ዘለለችው እኮን።"

"የምን በረከት?" አልኩ።

"የፊተኛው ቁና ነዋ። አውድማ ላይ የፊተኛው ቁና ሲገባ በረከት ተብሎ ዝም ነው። አይቆጠርም። አንድ የሚባለው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። በረከትን ማን ይቆጥራል?"

ወለተ ሐና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። "ሴት አውድማ አትገባም። የባሌ ወንድም ወቅቶ አመጣልኝ፤ የሰፈርሁት እቤቴ ነው። ያውድማውን ወግ ማን ነገረኝ?" አለች።

በሆዴ ቆጠርኩ። ሃምሳ ዘጠኝ ገበሬ አውድማው ላይ ሰፍሯል። ሃምሳ ዘጠኙም የመጀመሪያዋን ቁና ለእግዚአብሔር ትቶ ከሁለተኛዋ ቆጥሯል። እኛ በሚዛን የመዘንነው ሙሉ ነው፤ እነሱ የሰፈሩት በያንዳንዱ መሬት አንድ ቁና የጎደለ ነው። ማዳበሪያው ሁለት ቁና ጨመረ ያልነው አንድ ቁና ነው የጨመረው። ከስልሳው መስመር ትክክለኛው ሠላሳ ሰባተኛው ብቻ ነበር።

"ለምን አልነገራችሁንም?" አልኩት ይርሳውን።

"መች ጠየቃችሁነ?" አለኝ፤ በደግነት ነው ያለኝ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። "እኔም አላውቀው። ዕድሜየን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው የኖርሁ፤ በልጅነቴም እህል ለምኘ እንጂ ወቅቸ አላውቅም" አሉ። ቀጥለው ወደ ወለተ ሐና ዞሩ። "እመት ወለተ ሐና፥ ውሸታም ያሉዎ ሰዎች ይቅርታ ሊጠይቁዎ ይገባል። አንዱ ይኸው አጠገቤ ቆሟል።"

ጠየቅኳት። እሷም "ግድ የለም ልጄ" አለችኝ፤ በዕድሜ ግን እኩያዬ ናት።

እንግዲህ ሰው የሆነ ሰው እዚህ ላይ ያበቃል። ለሃምሳ ዘጠኙም አንድ አንድ ቁና ጨምሮ ሐሙስ አውቶቡስ ይሳፈራል። እኔም እንደዚያው አልኩ። መሪጌታ ደነገጡ። ሳትጠየቅ ቁጥሯ ሊሰረዝባት የነበረች ሴት ፊት ቆመን ሳይጠየቅ ቁጥር ልንጨምር ነው ወይ? "ይርሳው አንድ ሰው ነው። ሃምሳ ስምንት ሰው ይቀረናል" አሉ።

ሃያ ሦስት ቀን በእግራችን ሄድን። በያውድማው፥ በያጥሩ በር "ሲሰፍሩ ከስንት ጀመሩ?" እያልን ጠየቅን። ሁሉም በረከት ብለዋል። ቡሬ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ለሥላሴ ብለው ሦስት ቁና ሳይቆጥሩ አሳልፈው ነበር። ሁለት ተኩል ብለን የጻፍነው የእሳቸውን ነበር፤ ማዳበሪያው ጭራሽ ግማሽ ቁና ቀንሶባቸዋል ማለት ነው። መሪጌታ እሳቸውን ሲያገኙ ደስታቸው ሊነገር አይችልም። "አየህ? አንድ አንድ ጨምረህ ቢሆን?" አሉኝ፤ እስከ ማታ ደጋገሙት። ጫማዬ የተቀደደው ያን ቀን ነው።

አውቶቡሱ ሄደ። ተራችን ለሌላ መሥሪያ ቤት ተሰጠ። የዝውውር ደብዳቤው ለአንድ ታከለ ለሚባል ጸሐፊ ወጣ። እታለም የላከችልኝን ደብዳቤ እዚህ አልገለብጠውም። አለቃችን የማዳበሪያው ጥቅም በግማሽ መቀነሱን ሲሰሙ ጥፋቱን በመሪጌታ አሳበቡ፤ እኔም ለብዙ ሳምንት ከአለቃዬ ጋር ተስማማሁ። ወለተ ሐና ግን ጥማዱን አገኘች፤ በሰኔ መሬቷን በራሷ ስም አሳረሰች።

የማሽኑ መልስ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። ሰፊ፥ እየታጠፈ የሚዘረጋ፥ ዳር ዳሩ የተበሳሳ ወረቀት፤ ጽሑፉ ጥቃቅን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መሪጌታ ወረቀቱን ተቀበሉኝና እንደ ወትሮው አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። ብዙ ቆዩ።

"ስንት ሰው ይላል?"

"ስልሳ።"

"ወለተ ሐናስ?"

"አለች። ከመካከሉ ዝቅ ብሎ ነው፤ ይዩት።"

ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ አስኬዱና አንድ ቦታ ላይ አቆሙ። "አዎን፥ ይችውና" አሉ። ጣታቸው ያረፈው ከቁጥሩ ሁሉ ውጭ፥ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ዳር ላይ ነበር።

ወረቀቱን በቀስታ አጥፈው ሰጡኝ። "ይበቃል። ማሽን አይሳሳትም" አሉ።

ከዚህ ሰው አፍ ይህን መስማት አስፈራኝ። ያኔ ሁሉም ገባኝ። ወረቀት ማሽተታቸው፥ "አንብብልኝ" ማለታቸው፥ ቁልቁለቱ ላይ ትከሻዬን መያዛቸው። ዓይናቸው ከሄደ ከራርሟል። ዓይን የሌለው ድምር መርማሪ ደግሞ አለቃችን አንድ ቀን እንኳ አያቆዩትም፤ የወንበሩን ነገር አልረሱም። ያን ሁሉ ወር ሲያጣሩ የኖሩት በእኔ ድምፅና በራሳቸው አንጓ ነበር። እኔም ያን ሁሉ ወር ስነጫነጭ ነበር። እንደዚያን ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

ወንበሬን አጠገባቸው ሳብኩ። ወረቀቱን ዘረጋሁት።

"መሪጌታ፥ እስቲ ከላይ እንጀምር" አልኩ።

አውራ ጣታቸውን አንሥተው በትንሿ ጣታቸው የመጀመሪያ አንጓ ላይ አኖሩት። አነበብኩላቸው፤ አንደኛ፥ በማዳበሪያ አሥር፥ ያለ ማዳበሪያ ዘጠኝ። ሁለተኛውን አነበብኩ፥ ሦስተኛውን አነበብኩ። ድካሜ የት እንደገባ አላውቅም። ዝናቡ ሲያባራ ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ደርሰን ነበር። አነበብኩት፤ ስህተት አልነበረበትም፥ እሳቸውም ያውቁታል።

"ድገምልኝ" አሉኝ።

ደገምኩላቸው።